አኒሜን ከልጆች ገጽ አውጡልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከኋላ ነው የማነበው። መጀመሪያ ስፖርት፣ ቀጥሎ ጥበብ፣ ፖለቲካው ደግሞ ቡናው ካላለቀ። ስለዚህ የጥበብ ገጻችሁን ሳያነብ ከሚተች ሰው አትቁጠሩኝ። ስለ ቴአትር ትጽፋላችሁ፣ ስለ አገር ቤት ፊልም ትጽፋላችሁ፣ የኦስካር ሰሞን ማን ምን ለብሶ ቀይ ምንጣፍ ላይ እንደወጣ ሳይቀር ትነግሩናላችሁ። ይሁን። የጃፓን አኒሜ፣ ማለትም የሥዕል ፊልማቸው፣ ሲነሳ ግን የማየው ልጆች ገጽ ላይ፣ ከእንቆቅልሹ ጎን ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው ስልካቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው አኒሜ የሚያዩት ልጆች ጢም ያበቀሉ ናቸው። ባንክ የሚሠሩም አሉ፤ መታወቂያቸው አንገታቸው ላይ ስለተንጠለጠለ አያለሁ።

ሌላው የሚያበሳጨኝ ደግሞ ላይቭ አክሽን የሚሉት ነገር ሲነሳ ነው፣ ማለትም አኒሜውን በሰው ተዋናይ እንደገና የሚሠሩት። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይላል። «ይበላሻል»፣ «ፊቱ አይመስልም»፣ «ጸጉሩ ዊግ ነው» ይባላል፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። እኔ ግን የሚበላሸው በፊትም በጸጉርም አይመስለኝም። ሰሞኑን አንድ አሮጌ ላይቭ አክሽን አይቼ ይሄ ሐሳብ ልክ ሆኖ ታየኝ። ያየሁትም የመኪና ቁልፍ ጠፍቶ ቤት የተቀመጥኩ ቀን ስለሆነ፣ የቁልፉን ነገር ካልነገርኳችሁ ሐሳቤ አይገባችሁም።

መኪናዋ ያሪስ ናት፣ አውሮፓ አገልግላ የመጣች። ስገዛት የነበራት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ሁለተኛው ቁልፍ የት አለ ብለህ ስትጠይቅ ሻጩ ስለ ሞተሩ ጥንካሬ ማውራት ይጀምራል። ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የእህቴ ልጅ መኪናው ውስጥ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ቁልፉን ወሰደ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ እየፈለገ ከእኛ ጋር የሚኖር ልጅ ነው፤ ቤታችን ውስጥ የአኒሜው ሊቅም እሱ ነው። ጠዋት ለቅሶ ልደርስ ስነሳ ቁልፉ የለም። «ጋሼ፣ ቲቪው ላይ ነው ያስቀመጥኩት» ይላል። ቲቪው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስስ ቲቪ ነው፤ ላዩ ላይ ክብሪት እንኳን አይቆምም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሶፋው ተገለበጠ። የጋቢ እጥፋት ተራገፈ። የጤፍ ማስቀመጫው ሳይቀር ተከፈተ፤ ማን ለምን እንደከፈተው እስካሁን አይገባኝም። እናቴ ወዲያው ተሳለች፣ ለስለቱም ጧፉን ማን እንደሚገዛ በዚያው ወሰነች። ለቅሶውን እሷ በታክሲ ሄደች። እኔ ቁልፍ ሠሪ ጋ ደወልኩ።

ቁልፍ ሠሪው ስልክ ላይ የጠየቀኝ መጀመሪያ «የት ነህ» አይደለም፣ «ቁልፉ ቺፕ አለው?» ነው። መኪና ያለው አንባቢ ካለ ይሄን ያዝልኝ። እ.ኤ.አ. ከ1998 መገባደጃ ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም ሞተሩ በሌላ ቁልፍ እንዳይነሳ የሚያግድ መሣሪያ፣ እንዲኖረው በሕግ ተገድዷል። ቁልፉ ጭንቅላት ላይ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ ትንሽዬ ቺፕ አለች። የራሷ ባትሪ የላትም። ቁልፉን ስትሰካው በማስነሻው ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ ኃይል ይሰጣትና የራሷን ቁጥር ታወጣለች። የመኪናው ኮምፒውተር ቁጥሩን ካወቀው ሞተሩ ይነሳል፣ ካላወቀው ቁልፉ ቢዞርም ሞተሩ እምቢ ይላል። ስለዚህ ብረቱን አስመስሎ መቅረጽ በር ይከፍታል እንጂ መኪና አያስነሳም። የሚሠራ ቁልፍ በእጅ እያለ ሌላ ማስመዝገብ ቀላል ሥራ ነው። የመጨረሻው ቁልፍ ሲጠፋ ግን የኮምፒውተሩን ትውስታ አጽድቶ ከዜሮ መጀመር ይመጣል፣ ዋጋውም እንደዚያው ይወጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ያላችሁ ካላችሁ ይሄን ጋዜጣ አስቀምጡና ሂዱ አስቀርጹ።

የአባቴ ኮሮላ ዲኤክስ ይሄን ጣጣ አታውቅም ነበር። ቁልፏ ከማለቁ የተነሳ መኪናዋ እየሄደች አባቴ ቁልፉን ነቅሎ ጆሮውን ይኮረኩርበት ነበር። ሞተሩ አይጠፋም። እኛ ከኋላ ተቀምጠን እንስቃለን፣ እናቴ ታማትባለች።

ዲኤክስን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ቁልፍ ሠሪው «መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» እያለ ሰዓቱ ሲነጉድ፣ የእህቴ ልጅ ነገሩን ለማብረድ መሰለኝ ላፕቶፑንና ፍላሹን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ የመኪና ፊልም ላሳይህ፣ የአያቴን መኪና ዘመድ ታያለህ» አለኝ። ፊልሙ ኢኒሻል ዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የሆንግ ኮንግ ሥራ (ከዚህ በኋላ ያለውም ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። አንድሪው ላውና አለን ማክ አብረው አዘጋጅተውታል። መሪ ተዋናዩ ጄይ ቹ የታይዋን ዘፋኝ ነው፣ የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር። ታሪኩ የተወሰደው ሹይቺ ሺገኖ ከ1995 እስከ 2013 ከሠራው ማንጋ ነው፣ 48 ቅጽ ያለው የሥዕል መጽሐፍ። አኒሜውም በ1998 ጀምሯል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ታኩሚ የሚባል ተማሪ አለ። አባቱ የቶፉ ሱቅ አለው። ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ እንደ አይብ ነጭና ለስላሳ፣ ትንሽ ሲናጥ የሚፈርስ ምግብ ነው። ልጁ ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ቶፉ ጭኖ ተራራ ላይ ወዳለ ሆቴል ያደርሳል። አባትየው ማሽከርከር የሚያስተምርበት መንገድ አንድ ብርጭቆ ውኃ ነው። ብርጭቆውን መኪናው ውስጥ ያስቀምጥለትና «እንዳታፈሰው» ይለዋል። ውኃው ካልፈሰሰ ቶፉው አይፈርስም። ልጁ ቶሎ ሄዶ ለመተኛት ሲል በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ውኃ ሳያፈስ መብረርን ይለምዳል፣ ያለ ምንም ጉራ። ለመኪና ግድም የለው። ስለ ውድድር የሚያወሩ ጓደኞቹን ሲሰማ ያዛጋል። ከዚያ አንድ ሌሊት በዚያች አሮጌ መኪና አንድ ታዋቂ ተወዳዳሪን አልፎት ይሄዳል፤ ሰዉ ሁሉ ያ ማነው ማለት ይጀምራል።

መኪናዋ ቶዮታ ስፕሪንተር ትሩዌኖ ናት፣ ከ1983 እስከ 1987 የተሠራችው ኤኢ86። ጎኗ ላይ የሱቁ ስም ተጽፏል፣ የእኛ አገር የጭነት መኪና በር ላይ የባለንብረቱ ስም እንደሚጻፈው። ከኮሮላ ቤተሰብ ውስጥ በኋላ እግር የምትገፋ የመጨረሻዋ እሷ ናት። የእኛዋ ዲኤክስ ከእሷ ቀድሞ የነበረው ትውልድ ነች፣ እሷም በኋላ እግር የምትገፋ። ይሄን ሲነግረኝ ፊልሙን ተመቻችቼ ማየት ጀመርኩ። አባቴ የአንድ ታላቅ ጀግና መኪና ታላቅ እህት ይነዳ እንደነበር ሳያውቅ ነው ያረፈው።

አሁን ወደ ሐሳቤ። ቁልፍ የጠፋበት ሰው የመኪና ፊልም ሲያይ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። እኔ እሽቅድምድሙን ትቼ የሰዎቹን እጅ ነበር የምመለከተው። ማን ቁልፉን ከየት አነሳ፣ ማን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ማን አስነሳ። አኒሜው ላይ ይሄን አታየውም። የእህቴ ልጅ አንድ ሁለት ክፍል ለማወዳደሪያ አሳይቶኛል። አኒሜው ውስጥ ሰዎቹ በእጅ የተሳሉ ናቸው፣ መኪኖቹ ግን የዚያን ዘመን ኮምፒውተር የሠራቸው ናቸው፤ ፈጣን ሙዚቃ ይለቀቅና እብስ ይላሉ። ደስ ይላል፣ አልካድኩም። ግን መኪናው ይንሳፈፋል እንጂ መንገዱን አይረግጥም። ታሪኩ ሲፈልግ ይነሳል፣ ታሪኩ ሲፈልግ ይቆማል። የማንም ቁልፍ አይጠፋም።

ፊልሙ ላይ ግን መኪናው ብረት ነው። ካሜራ የቆመው እውነተኛ አስፋልት ላይ ነው፣ ጃፓን ድረስ ሄደው ነው የቀረጹት። ጎማው ሲንሸራተት የሚወጣው ጭስ እየተንጠለጠለ ይቀራል። ቶፉውን ከሱቁ አውጥቶ የሚጭነው ሰው ወገቡን ያጎነብሳል። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ በአንድ ወገን እየወጣ ጠርዙን ይልስና ይመለሳል። አኒሜው ላይ ያ ውኃ ተአምር ነው፣ ሠዓሊው እንዳይፈስ ስለፈለገ አልፈሰሰም። ፊልሙ ላይ ግን ሊፈስ የሚችል ውኃ ነው። ትንፋሼን ያዝኩኝ። ለብርጭቆ ውኃ!

እና እኔ እንደሚመስለኝ፣ አኒሜ ወደ ሰው ሲለወጥ የሚያተርፈው አንድ ነገር ይሄ ክብደት ነው። ሥዕል እንደፈለገ ይበራል፤ ሰውና ዕቃ ግን ይከብዳሉ። ፊልም ሠሪው ያንን ክብደት ከተጠቀመበት ያምራል። ክብደቱን ፈርቶ ሁሉንም ነገር በኮምፒውተር ለመብረር ከሞከረ ሥዕሉን አያህል ሰውንም አያህል፣ መሐል ሜዳ ይቀራል።

ይህች ታሪክ ለዚህ ትመቻለች፣ ምክንያቱም ድሉ ራሱ የክብደት ጉዳይ ነው። የታኩሚ መኪና ሞተር 1.6 ሊትር ነው፣ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ፊልሙ ላይ ከሚገጥማቸው አንዱ ኒሳን ጂቲአር ደግሞ 280 ነው። ዳገት ላይ ቢገናኙ ወሬ የለም። ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበት ትርጉሙ ይቀንሳል። ከባዱ መኪና ፍሬኑ ይግላል፣ ጎማው ይደክማል፣ ኩርባው ሲመጣ ቀድሞ ነው የሚፈራው። ቀላሏ ዘግይታ ትይዛለች። ጣርማ በርን ወይም የዓባይ በረሃን በሙሉ ጭነት የወረደ ሹፌር ይሄን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ቁልፍ ሠሪው የደረሰው ፊልሙ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ጸጥ ያለ ልጅ ነው፣ የተማሪ ቦርሳ ያነገተ። መኪናዋን እንኳን ሳይነካ «ሊብሬ» አለኝ። ልክ ነው፣ የማንንም መኪና ዝም ብሎ አይከፍትም። ችግሩ ሊብሬው ያለው መኪናዋ ውስጥ ነው። ሊብሬውን ለማሳየት በር መከፈት አለበት፣ በር ለመክፈት ሊብሬ መታየት አለበት። እኔ ሳቅኩኝ፣ እሱ አልሳቀም፤ ብዙ ጊዜ እንደሚገጥመው ያስታውቃል። መታወቂያዬን ፎቶ አነሳ። ጥበቃውን ጠየቀ። የላይኛዋ ጎረቤታችን ከበረንዳ ሆነው «የሱ ናት ልጄ፣ ክፈትለት፣ ጠዋት ጠዋት በጥሩምባ የሚቀሰቅሰን እሱ ነው» ብለው መሰከሩልኝ። ምስክርነቱ ባያስከብረኝም ሠራ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። በሩ ጠርዝ ላይ ጠፍጣፋ የአየር ከረጢት ሰካና በእጁ ቀስ እያለ ነፋው። በተፈጠረችው ቀዳዳ ረጅም ቀጭን ብረት ሰደደ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እያዳመጠ መክፈቻውን ፈለገ፣ ሳበው። ቀለሟ ላይ ጭረት የለም። ሊብሬውን አወጣ፣ ስሜን ከመታወቂያው ጋር አመሳከረ፣ መለሰልኝ። የቁልፉን ጥርስ ከበሩ ቁልፍ ቤት አንብቦ ሱቁ ሄዶ ቀርጾ ተመለሰና ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ማሽኑን ሰካ። «አሁን የድሮውን ትረሳዋለች» አለኝ። «ቢገኝ እንኳን ካልተመዘገበ አያስነሳትም።» ሁለት ጊዜ እምቢ አለች። በሦስተኛው ተነሳች። የከፈልኩትን ለእናቴ አልነገርኳትም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። የድሮው ቁልፍ በኋላ ላውንደሪ ቤት ከእህቴ ልጅ ጃኬት ኪስ ውስጥ ተገኘ፤ ደውለው ነገሩን። አስመዘገብኩት፣ አሁን ሁለት ቁልፍ አለኝ። እናቴ ስለቷ ሠመረ ብላ ጧፉን አስገዝታኛለች።

ቁልፍ ሠሪው ሱቁ ሄዶ ሲቀርጽ እኛ የፊልሙን የመጨረሻ እሽቅድምድም ጨረስነው። እና እኔ ልዩነት አልታየኝም እላችኋለሁ። ያ ጸጥ ያለ ቁልፍ ሠሪና ያ የሚያዛጋ ቶፉ አመላላሽ አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ሥራቸውን ስለደጋገሙት ብቻ ከሰው በልጠዋል፣ ራሳቸው ግን ልብ አላሉትም። ማንጋው የተወደደው በዚህ ይመስለኛል። በኋላ ዓለም ሁሉ ያቺን አሮጌ ቶዮታ ማሳደድ ጀምሮ ዋጋዋ ሰማይ ነክቷል፣ ቶዮታ ራሱ በ2012 ለመታሰቢያዋ 86 የሚባል አዲስ መኪና አውጥቷል። የቶፉ መኪና!

የከሸፉትን እንያቸው እንግዲህ። በ2009 የወጣው ድራጎንቦል ኢቮሉሽን ከክፉዎቹ ሁሉ ክፉው ነው ይባላል። ጽሑፉን የጻፈው ቤን ራምዚ ከዓመታት በኋላ በ2016 ደጋፊዎቹን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። በ2021 ኔትፍሊክስ ያወጣው ካውቦይ ቢባፕ ወር ሳይሞላው ተሰርዟል። የዋናው አኒሜ ዳይሬክተር ሺኒቺሮ ዋታናቤ የመጀመሪያውን ትዕይንት አይቶ መቀጠል እንዳልቻለ ተናግሯል። ልብሱ ተመሳስሎ ነበር። ሙዚቃውንም ያንኑ ሴትዮ፣ ዮኮ ካኖን፣ አሠርተዋል። አልሆነም። እንግዲህ ችግሩ ጸጉር ቢሆን ኖሮ ጸጉሩን አስተካክለውት ነበር።

ከተሳኩት ደግሞ ሩሮኒ ኬንሺን አለ። ጃፓኖች ራሳቸው ከ2012 ጀምሮ አምስት ፊልም ሠርተውበታል። ሰይፍ የሚማዘዙት ሰዎች በእውነት ይሮጣሉ፣ በእውነት ይወድቃሉ። በ2023 የወጣው ዋን ፒስ ደግሞ እዚሁ አህጉራችን ላይ፣ ኬፕታውን ነው የተቀረጸው፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። የባሕር ወንበዴዎቹን መርከብ በእንጨት ሠርተው ተዋናዮቹን አሳፍረውበታል። ደራሲው ኤይቺሮ ኦዳ እኔ ካልረካሁ አይወጣም ብሎ ቃል አስገብቷቸው ነበር። ጎማ ሆኖ የሚለጠጥ ልጅ ያለበት ታሪክ በሰው እንዴት ይሠራል ተብሎ ሲፈራ ነበር፤ የልጁ ክንድ ሲለጠጥ አሁንም ትንሽ ያስቃል፣ መርከቡ ግን እንጨት ነው፣ ሲረግጡት ይጮሃል። እዚያ መርከብ ላይ ሠራተኛ ሆነው የሠሩ አናጺዎች የአፍሪካ ልጆች መሆናቸውን የጥበብ ገጻችሁ ቢጽፍልን ምን ነበረበት?

እርግጥ ኢኒሻል ዲ እንከን የለውም አልልም። ጃፓን ውስጥ ጃፓናዊ የሆኑ ሰዎች በካንቶንኛ፣ በሆንግ ኮንጎቹ ቋንቋ፣ ሲያወሩ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። የፍቅር ታሪኩም ተቻኩሏል። ከሁሉም በላይ የእህቴ ልጅ የተናደደው በታኩሚ አባት ነው። ማንጋው ላይ አባትየው ቡንታ ዓይኑን ጨፈን ያደረገ፣ ሲጋራ የማይለየው፣ ሦስት ቃል ተናግሮ የሚያበቃ ሰው ነው። ፊልሙ ላይ አንቶኒ ዎንግ የሚሠራው ቡንታ ሰካራም ነው፣ ልጁንም ይመታል። «ገደሉት!» ይላል የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቡንታን ገደሉት!» እኔ ደግሞ ተዋናዩ አሳመነኝ። የሆንግ ኮንግ የፊልም ሽልማት ላይ ምርጥ ደጋፊ ተዋናይ ያሰኘው ይሄው ሥራ ነው። ያ ሰውዬ ለልጁ ፍቅሩን የሚገልጸው ማታ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ ሞተሯን በማስተካከል ነው። እንደዚህ ዓይነት አባት አላውቅም የሚል አበሻ ካለ እጁን ያውጣ። የእህቴ ልጅ ግን አልተዋጠለትም፣ እስካሁንም እንከራከራለን።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ፣ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። ፊልሙን ስጨርስ ወዲያው የመጣልኝ የእኛው አገር ነገር ነው። ሌሊት ሌሊት ቶሎ የሚበላሽ ነገር ጭኖ በተራራ መንገድ የሚበር ሹፌር እኛም አለን። ከአወዳይ የሚነሳው ጫት የጫነ አይሱዙ። ጫቱ ከደረቀ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ይበራል። ይሄ ታሪክ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም ፊልም ቢሆን እንዴት ያለ ፊልም ይወጣው ነበር! ግን በዚያ መንገድ የሚኖር ሰው ያ መኪና ሲመጣ ልጁን ጎትቶ ከመንገድ ያወጣል። በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አደጋ እንሰማለን። ታኩሚ የሚወዳደረው ሌሊት ባዶ መንገድ ላይ ነው፣ አኒሜውም ይሄ ልብ ወለድ ነው፣ መንገድ ላይ በጥንቃቄ ንዱ የሚል ማሳሰቢያ ያሳያል። የታሪኩ ተራራ በተመሰለበት ጃፓን ውስጥ፣ ጉንማ በሚባለው ክፍለ ሀገር ባለው የሀሩና መንገድ ላይ እንኳን አድናቂዎቹ እንዳይንሸራተቱበት ጉብታ ተደርጎበታል። እኛ ጋ ጉብታውም ማሳሰቢያውም ይቅርና የመንገድ መብራት የለም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ፊልም የሚሠራ የአገሬ ልጅ ካለ ሹፌሩን ብቻ ሳይሆን መንገድ ዳር ፍየል የምትጠብቀዋን ልጅም ይሣላት። ውኃዋ የሚፈሰው የእሷ ነው።

የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። አኒሜን የሚያውቅ ወጣት ጸሐፊ ፈልጉ፣ የጥበብ ገጹ ላይ ግማሽ ዓምድ ስጡት፣ በወር አንዴም ቢሆን። ስለ ቱርክ ድራማ ስትጽፉ ኖራችኋል፣ ማንም አልሞተም። አዲስ ላይቭ አክሽን ሲወጣም ማን ማንን ይመስላል የሚለውን ትታችሁ እንዴት እንደተሠራ ጻፉልን። ተዋናዩ በእውነት ወደቀ ወይስ በኮምፒውተር? መርከቡ እንጨት ነው ወይስ ሥዕል? እንደኔ ያለ ስለ አኒሜ ምንም የማያውቅ ሰውም ያነበዋል።

የእህቴ ልጅ ይሄን ደብዳቤ አንብቦታል። ስለ ቡንታ የጻፍኩት ስድብ ነው ብሎኛል። መልስ ይጽፋል፣ እንዳታትሙለት አልልም፣ ግን ሥራ የለውም፣ ጊዜ አለው፣ 48ቱንም ቅጽ አንብቧል፤ ስለዚህ የቃላት ገደብ ቀድማችሁ ንገሩት።

አንባቢያችሁ
ከገርጂ፣ አዲስ አበባ